አስተማማኝ የኢሜይል ፕሮግራም ለጀማሪዎች፦ ለሚረዷቸው ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፒውተር ብዙ የማይሆንላቸው ሰዎች ሲቸግራቸው የሚደውሉለት አንድ ሰው አላቸው። ይህ ገጽ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው። ለዓመታት አንድ ፕሮግራም የለመደን ሰው ወደ ሌላ ማሸጋገር ከሙያው ይልቅ ትዕግሥቱ ይከብዳል፤ ሙያውም ቢሆን ግን ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ወጥመድ አለው። ረዘም ያሉት መልሶች እነዚያን ቦታዎች የሚመለከቱ ናቸው።

አሁን ያለው ፕሮግራም ይሠራል። ለምን አስቸግራቸዋለሁ?

መልእክት መላክና መቀበል መቻሉ ፕሮግራሙ የሚጠብቀው ባለቤት አለው ማለት አይደለም። አውትሉክ ኤክስፕረስ አብሮት ይመጣ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል በጃንዋሪ 2017 ተተወ። ከዊንዶውስ 10 ጋር ይመጣ የነበረው ሜይል የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በ2024 መጨረሻ አበቃ። ችግሩ፣ አንድ ፕሮግራም በሠሪው ሲተው ምልክቱ ከስክሪኑ ላይ አብሮ አይጠፋም። ሰውየው እንደ ወትሮው ይከፍተዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተገኘ የደህንነት ቀዳዳ ግን የሚደፍነው የለም።

የኢሜይል ፕሮግራም ከሌሎች ፕሮግራሞች የባሰ የሚያሳስበው፣ ማንም የማያውቀው ሰው የላከውን ነገር በየቀኑ ተቀብሎ የሚከፍት በመሆኑ ነው። በ1999 የታየው ባብልቦይ የተባለ ትል (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሠራጭ ጎጂ ፕሮግራም)፣ ብዙ ባይሠራጭም፣ አንድ አስደንጋጭ ነገር አሳይቶ ነበር፤ አውትሉክ ኤክስፕረስ ላይ መልእክቱን በቅድመ እይታው መስኮት ማየት ብቻውን ለመበከል በቂ ነበር። አባሪ መክፈትም አላስፈለገም። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ተጠቃሚው በጥንቃቄው ሊያመልጠው አይችልም፤ የሚያድነው በጊዜው የሚታደስ ፕሮግራም ነው።

አስተማማኝ የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ ነው?

ራሱን በራሱ ያድሳል። በመልእክት ውስጥ ተደብቆ የመጣ ኮድ አያስኬድም። ላኪው ከኢንተርኔት እንዲጠሩ ያስቀመጣቸውን ምስሎች ሳይጠየቅ አያወርድም፤ ወይም ቢያወርድም የተጠቃሚውን የኢንተርኔት አድራሻ በሚሰውር መንገድ ያደርገዋል። ከሰርቨሩ፣ ማለትም ደብዳቤዎቹን ከሚያስተናግደው የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር፣ ጋር የሚገናኘው በተመሰጠረ መስመር ነው። የላኪውን ስም ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ አድራሻውንም ያሳያል።

ከዝርዝሩ በላይ ግን አንድ ነገር ይመዝናል። እነዚህ ሁሉ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ፕሮግራሙ እንደተጫነ ሊኖሩ ይገባል። ጀማሪ ተጠቃሚ የቅንብር ገጽ ከፍቶ አያውቅም፤ ወደፊትም አይከፍትም። ስለዚህ መቶ ጥሩ አማራጭ ኖሮት ሁሉም ተዘግተው ከሚመጡበት ፕሮግራም፣ አምስቱ ብቻ ኖረውት አምስቱም ክፍት ሆነው የሚመጡበት ይሻላል።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

መጀመሪያ ፕሮግራም መጫን ራሱ ማስፈለጉን ያስቡ። ሰውየው አንድ አድራሻ ብቻ ካለውና ብሮውዘር መክፈት ከለመደ፣ መልእክቱን በአገልግሎት ሰጪው ድረ ገጽ ላይ ማንበብ ከሁሉ ቀላሉና አስተማማኙ ነው። የሚጫን ነገር የለም፤ የሚታደሰውም ብሮውዘሩ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ አንድም ደብዳቤ አይጠፋም። ብዙ ረዳቶች ይህን አማራጭ ሳያዩት ያልፋሉ። ምክንያቱ ለእነርሱ ስለማይመቻቸው ነው፤ ለተረጂው ግን ይመቸዋል።

ሁለት ሦስት አድራሻ ላለው፣ የብዙ ዓመት ደብዳቤ በኮምፒውተሩ ላይ ላከማቸ፣ ወይም ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት ሰው ግን የሚጫን ፕሮግራም ያስፈልገዋል። እኔ የምመርጠው ተንደርበርድን ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በሞዚላ በኩል የወጣው በዲሴምበር 2004 ነው፤ እስከ ዛሬ ይታደሳል፤ ነፃ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ከ2024 ጀምሮም ለአንድሮይድ ስልክ አለ። መልኩም ለድሮ አውትሉክ ኤክስፕረስ ተጠቃሚ እንግዳ አይሆንም፤ ፎልደሮቹ በግራ፣ የመልእክቶቹ ዝርዝር በአንድ በኩል፣ ንባቡ በሌላ በኩል ነው።

የማክ ኮምፒውተር ላለው ሰው አብሮት የመጣው ሜይል ይበቃዋል። ከ2021 ወዲህ ከላኪዎች ስለላ የሚከላከል አማራጭም አለው፤ ሥራ ላይ መሆኑን አይቶ ማረጋገጥ የእርስዎ ድርሻ ነው። በዊንዶውስ ላይ ያለው አዲሱ አውትሉክም ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን የሌላ ድርጅት አካውንት ሲገባበት የመልእክቶቹን ቅጂ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ያመሳስላል። ይህ የማይከነክነው ሰው ብዙ ነው፤ ሳይነግሩት መጫን ግን ተገቢ አይደለም።

ሁለት ፕሮግራሞች እኩል ከሆኑብዎት እርስዎ ራስዎ የሚጠቀሙበትን ይጫኑላቸው። በስልክ «ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት መስመር ያለበትን ይጫኑ» ለማለት ያንኑ ስክሪን ፊትዎ ማየት አለብዎት።

አባቴ «የለመድኩት ይሻለኛል» ብለው አይሰሙኝም። እንዴት ላሳምናቸው?

በቫይረስ አያስፈራሯቸው። ለብዙ ዓመት ምንም ያልደረሰበት ሰው ማስፈራሪያውን እንደ ወጣት ወሬ ያየዋል፤ ከሰማዎት ደግሞ ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩን ጨርሶ መክፈት ይተዋል።

ይልቅ አሁን ያለው ፕሮግራም የሚያናድዳቸው በምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። ፊደሉ ያንሳቸዋል፤ የማስታወቂያ መልእክት ያጥለቀልቃቸዋል፤ ወይም የይለፍ ቃል ደጋግሞ ይጠይቃቸዋል። ፕሮግራሙን የዚያ ችግር መፍትሔ አድርገው ያቅርቡላቸው። ተንደርበርድ ላይ የመስኮቱን ፊደል ከዋናው ማውጫ ማሳደግ ይቻላል፤ የማይነበብ ደቃቅ ጽሑፍ ዓይናቸው እያየ ሲተልቅ ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ያሳምናቸዋል።

አንድ ነገር ፈጽሞ አያድርጉ፤ ሳይነግሯቸው ቀይረው «አሁን ይሄ ነው» አይበሏቸው። ኮምፒውተሩ የእርሳቸው ነው።

የድሮ ደብዳቤዎቻቸው ይጠፋሉ?

በአግባቡ ከተሠራ አይጠፉም። ነገር ግን ይህ ሥራ የሚበላሽበት ዋናው ቦታ እዚህ ስለሆነ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ፤ አካውንቱ በፖፕ (POP) ነው ወይስ በአይማፕ (IMAP) የተገናኘው? ይህ በድሮው ፕሮግራም የአካውንት ቅንብር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

በፖፕ የሚሠራ ፕሮግራም ከፖስታ ሣጥን ደብዳቤውን አውጥቶ ቤቱ እንደሚወስድ ሰው ነው፤ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። ደብዳቤዎቹ ያሉት በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። በአይማፕ የሚሠራው ግን ደብዳቤውን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ትቶ ያነበዋል፤ አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ሁሉም እንዳሉ ይመጣሉ።

አይማፕ ከሆነ እንግዲህ ጭንቀት የለም። ሆኖም አይማፕ ላይም ቢሆን «በዚህ ኮምፒውተር ላይ» በሚል ስም የተለየ ፎልደር ካለ ይዩት፤ በእጅ ወደዚያ የተጎተቱ ደብዳቤዎች ሰርቨሩ ላይ የሉም።

ፖፕ ከሆነ መጀመሪያ መላውን የመልእክት ፎልደር በውጫዊ ዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ ይቅዱ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፣ የድሮው ፕሮግራም አሁንም ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት የሚችል ከሆነ፣ ያንኑ አድራሻ እዚያው በአይማፕ ደግመው አስገብተው የድሮ ፎልደሮችን ወደ ሰርቨሩ መጎተት ነው። ቀስ ይላል፤ ግን ቀንና ላኪው ሳይዛባ ሁሉም ይደርሳል። አስቀድመው በሰርቨሩ ላይ ያለው ቦታ እንደሚበቃ ያረጋግጡ። ሁለተኛው ፋይሎቹን በቀጥታ ማስገባት ነው። ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል እያንዳንዱን መልእክት በኢኤምኤል ፋይል ስለሚያስቀምጥ ተንደርበርድ ላይ ኢምፖርት ኤክስፖርት ቱልስ ኤንጂ የተባለው ተጨማሪ ጭነት በጅምላ ያስገባቸዋል። የአውትሉክ ኤክስፕረስ ፋይሎች ዲቢኤክስ የሚባሉ ናቸው፤ ከመግባታቸው በፊት መለወጥ ይፈልጋሉ፤ ለዚህ ከሰዓት ሙሉ ይመድቡ።

ሥራው ማለቁን በቁጥር ብቻ አያረጋግጡ። ከሁሉ የቆየውን ደብዳቤ ከፍተው ይዩ፤ አባሪ ያለበትን አንድ መልእክት ይክፈቱ፤ በአማርኛ የተጻፈ ካለ ፊደሉ መነበቡን ይመልከቱ።

የአድራሻ ዝርዝሩስ?

ከደብዳቤው ይልቅ የሚያስቆጣቸው የዚህ መጥፋት ነው። ዝርዝሩ በሲኤስቪ ወይም በቪካርድ ፋይል ወጥቶ ወደ አዲሱ ይገባል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ብዙ ሰዎች የአድራሻ ዝርዝር ኖሯቸው አያውቅም። የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደል ሲጽፉ ፕሮግራሙ ቀሪውን ይሞላላቸዋል፤ እርሱን ነው «አድራሻዬ» የሚሉት። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ይህ ትውስታ ከአድራሻ ዝርዝሩ የተለየ ስለሆነ ዝርዝሩ ሲወጣ አብሮ አይወጣም። ስለዚህ የተላኩ መልእክቶችን ፎልደር ይክፈቱና በብዛት የሚጽፉላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አብራችሁ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ተንደርበርድ መልእክት የተላከለትን ሰው አድራሻ ራሱ ይሰበስባል።

የይለፍ ቃሉን በትክክል አስገብተን እምቢ ይለናል። ምን አጠፋን?

ምናልባት ምንም። ድሮ ፕሮግራሞች የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ይዘው ለሰርቨሩ ያቀርቡ ነበር። ትልልቆቹ አገልግሎት ሰጪዎች ይህን አሠራር ዘግተውታል፤ ጉግል ለግል አካውንቶች ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍትም ለግል የአውትሉክ አድራሻዎች ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ። አሁን ያለው ዘዴ ኦኦውዝ (OAuth) ይባላል። ፕሮግራሙ የአገልግሎት ሰጪውን የመግቢያ ገጽ በትንሽ መስኮት ይከፍታል፤ ሰውየው የይለፍ ቃሉን እዚያ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ የሚቀበለው ቃሉን ሳይሆን በፈለጉ ጊዜ ሊሰረዝ የሚችል ፈቃድ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ፕሮግራም የአካውንት ቅንብር ውስጥ የማረጋገጫው ዘዴ ኦኦውዝ መሆኑን ይዩ።

የድሮው ፕሮግራም እምቢ ያለበት ምክንያት ይህ ከሆነ፣ እንዲሠራ ብለው የአካውንቱን ጥበቃ የሚያላሉ መንገዶችን አይፈልጉ። እንዲያውም ለማሸጋገር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይመጣም።

የይለፍ ቃላቸውን ረስተው ከሆነ ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ያንን ይጨርሱ፤ የመልሶ ማግኛው ስልክ ቁጥርም ዛሬ በእጃቸው ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በዚያው ቀን ያስጀምሩላቸው። ቃሉን የሚጽፉት ደግሞ እርሳቸው ይሁኑ፤ እርስዎ ፊትዎን ዞር ያድርጉ። ዘመድም ቢሆኑ።

የፖርት ቁጥር ምናምን ይጠይቀኛል። ምን ልሙላ?

አብዛኛውን ጊዜ ተንደርበርድ ከአድራሻው ተነሥቶ ራሱ ይሞላዋል። ካልሞላው፣ ለአይማፕ 993፣ ለፖፕ 995፣ ለመላኪያ 465 ወይም 587 ነው። 143 ወይም 110 ካዩ የድሮዎቹ ቁጥሮች ናቸው፤ መስመሩ ሳይመሰጠር ሊቀር ይችላልና ይቀይሯቸው።

አዲሱን ከጫንኩ በኋላ መልእክቶች አንዳንዴ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ አይመጡም። ምን ሆኖ ነው?

የድሮው ፕሮግራም በሕይወት አለ ማለት ነው። ይህ በተደጋጋሚ የሚያጋጥምና ሰውን የሚያደናግር ነገር ነው። በፖፕ የተገናኘው የድሮው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ይነሣል፤ አዲሶቹን ደብዳቤዎች ከሰርቨሩ ያወርዳል፤ ከዚያም ይሰርዛቸዋል። አዲሱ ሲከፈት የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ሰውየው «አዲሱ ፕሮግራም ደብዳቤ ይበላል» ብሎ ወደ ድሮው ሲመለስ ደብዳቤዎቹን እዚያ ያገኛቸዋል፤ ጉዳዩም ያኔ ያበቃለታል፤ ሁለተኛ አያሳምኑትም።

ስለዚህ አዲሱ በተጫነበት ሰዓት ከድሮው ላይ አካውንቱ መልእክት እንዳያወርድ ይዝጉት። ፕሮግራሙን ራሱን ግን ወዲያው አያጥፉ፤ የድሮ ደብዳቤ ለማመሳከር ጥቂት ሳምንታት ይቆይ። አቋራጩን ከስክሪኑ ላይ አንሥተው የአዲሱን በዚያው ቦታ ያስቀምጡ፤ እጅ የለመደው ቦታውን ነው። በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥም የኢሜይል ዋና ፕሮግራም አዲሱ እንዲሆን ያድርጉ፤ አለዚያ ድረ ገጽ ላይ ያለ የኢሜይል አድራሻ ጠቅ ሲደረግ የድሮው ብቅ ይላል።

«ምስሎቹ አይታዩም፣ ተበላሽቷል» እያሉ ይደውሉልኛል።

አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። በመልእክቱ ውስጥ ያለ ምስል ከኢንተርኔት ሲጠራ ላኪው መልእክቱ መቼ እንደተከፈተ፣ አንዳንዴም ከየት አካባቢ እንደተከፈተ ያውቃል። ለዚህ ሲባል ብቻ ዓይን የማያየው የአንድ ነጥብ ምስል የሚያስገቡ ላኪዎች አሉ። አይፈለጌ መልእክት ላኪ ደግሞ አድራሻው የሚሠራ መሆኑን በዚህ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልእክት ይበዛል።

ተንደርበርድ እንዲህ ያለውን ምስል ሲከለክል ከመልእክቱ በላይ አንድ ማስታወቂያ መስመር ያወጣል፤ በቀኙ ያለው ቁልፍ ለዚህ መልእክት ብቻ ወይም ለዚህ ላኪ ሁልጊዜ እንዲፈቀድ ያስችላል። ይህን በስልክ ከማስረዳት አብሮ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ማሳየት ይሻላል። ልጆቻቸው አባሪ አድርገው የሚልኩት ፎቶግራፍ እንደማይከለከልም ይንገሯቸው። ብዙዎችን የሚያስጨንቃቸው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የገበያ ማስታወቂያ ምስል ባይታይ ግድ የሚለው ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

አዲሱ ፕሮግራም ካለ ከአጭበርባሪዎች ተጠብቀዋል ማለት ነው?

አይደለም። ፕሮግራሙ ኮድን ያግዳል እንጂ ሰው በገዛ እጁ የሚሰጠውን ነገር አያግድም። ተንደርበርድ አጠራጣሪ መልእክት ሲያይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሁሉን ያያል ማለት ግን አይደለም።

ሃያ ደንብ አያስተምሯቸው፤ አንድም አይያዝም። ሁለት ይበቃሉ። አንደኛ፣ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ የይለፍ ቃል የሚያወራ መልእክት ውስጥ ያለ ሊንክ አይነካም፤ ድረ ገጹን ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ወይም ድሮ በሚያውቁት ቁጥር ይደውላሉ። መልእክቱ የሚያውቁት ሰው ስም ቢኖርበትም እንኳ፤ የላኪ ስም ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ያልጠበቁት አባሪ ከመክፈታቸው በፊት ላኪውን ይጠይቁ።

አባሪን በተመለከተ እርስዎ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። በሜይ 2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል ይመጣ የነበረው የፍቅር ደብዳቤ በሚመስል ፋይል ነበር። የፋይሉ ስም ቲኤክስቲ (.txt) ከሚለው ቅጥያ፣ ማለትም የፋይሉን ዓይነት ከሚናገሩት ከነጥብ በኋላ ያሉ ፊደላት፣ በኋላ ቪቢኤስ (.vbs) የሚል ሁለተኛ ቅጥያ ነበረው። የመጀመሪያው ተራ ጽሑፍ ያስመስለዋል፤ ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚሠራ ፕሮግራም መሆኑን ይናገራል። ዊንዶውስ የታወቁ ፋይሎችን የመጨረሻ ቅጥያ ስለሚደብቅ ሰዎች ያዩት ቲኤክስቲን ብቻ ነበር። ዊንዶውስ ዛሬም ይህንኑ ያደርጋል። የፋይል ማሳያውን ከፍተው በእይታ ማውጫው ላይ የፋይል ስም ቅጥያ እንዲታይ ያድርጉላቸው። ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል።

የቫይረስ መከላከያ ልግዛላቸው?

አያስፈልግም። በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ይበቃል። የሚከፈልባቸው ብዙዎቹ በየጊዜው የሚያወጡት ማስጠንቀቂያ ጀማሪውን እውነተኛውን ማስጠንቀቂያ ችላ እንዲል ያስለምዱታል።

መልእክታቸው እንዲመሰጠርስ?

ከኮምፒውተራቸው እስከ ሰርቨሩ ያለው መስመር ይመሰጠራል፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ በቂ ነው። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚዘልቀው ምስጠራ ሌላ ነው። ተንደርበርድ ኦፕን ፒጂፒ የተባለውን ከ2020 ጀምሮ በውስጡ ይዟል፤ ግን ቁልፉ የጠፋበት ሰው የራሱን ደብዳቤ አያነብም፤ የሚጻጻፉት ሰውም ይህንኑ ዘዴ መጠቀም አለበት። ለጀማሪ አይጫኑት፤ ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር።

ማስተማሩን እንዴት ልጀምር?

ማውዙን አይንኩ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ እርስዎ በሦስት ሰከንድ የሚያደርጉት ነገር እርሳቸው ሲፈልጉት ደቂቃ ይፈጃል፤ እጅዎ ይበላዎታል። ግን እርስዎ ያደረጉትን እርሳቸው አይተውት እንጂ ለምደውት አይቀሩም።

በመጀመሪያው ቀን እርሳቸው ሦስት ነገር ብቻ ያድርጉ፦ አንድ መልእክት ያንብቡ፤ መልስ ይስጡ፤ አንድ ፎቶግራፍ አባሪ አድርገው ለእርስዎ ይላኩ። ሌላው ሁሉ ይቆይ። እየሠሩ ሳሉ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ቃል ወረቀት ላይ ይጻፉት። ቁልፉን «ሰማያዊዋ» ብለው ከጠሩት «ሰማያዊዋ» ይባል፤ ትክክለኛ ስሙን እያሉ አያርሟቸው።

ሩቅ ነኝ። ስክሪናቸውን እያየሁ ልርዳቸው?

ይቻላል፤ ዊንዶውስ ውስጥ ኩዊክ አሲስት የተባለ መሣሪያ አለ። እርስዎ ኮድ ይሰጧቸዋል፤ እርሳቸው አስገብተው ይፈቅዳሉ። ነገር ግን አጭበርባሪዎችም «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል» ብለው የሚጠቀሙት ይህንኑና የመሰሉትን ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ተስማሙ፤ እንዲህ ያለ ኮድ የሚገባው እርሳቸው ደውለው እርዳታ ሲጠይቁ ብቻ ነው። ማንም ደውሎላቸው አይገባም፤ እርስዎ ነኝ ቢልም። እርስዎም አንድ ቀን ሳይታሰብ ደውለው ኮዱን ካስገቡልዎት፣ ስምምነቱን እንደገና ያንሡት።